ምጣድ ሲጣድ ወንዙ ይሞላል፣ ሲወርድ ይጎድላል፤ አሳውስ?

ባለፈው ክረምት ነው፣ ከኮምቦልቻ ትንሽ ወጣ ብለን ቦርከና ዳር ከእህቴ ልጅ ጋር ቆመናል። ሌሊቱን ደሴ በኩል ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ እኛ ስንደርስ ግን ወደ ቦታው ተመልሶ ዳር ዳሩን ድንጋይ መሀል ኩሬ ኩሬ ጥሎ ሄዷል። አንዷ ኩሬ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ብታክል ነው። ጎንበስ ብለን ስናይ ውስጧ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ አሳዎች አሉ፣ አስራ ምናምን ይሆናሉ፣ አፋቸውን ውሃው ፊት ላይ ለጥፈው ከፈት ገጠም ከፈት ገጠም ያደርጋሉ። እጄን ስነክር ውሃው ሞቋል፣ ገና አምስት ሰዓት ሳይሆን። ወንዙ ደግሞ ከነሱ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ እየፈሰሰ ነው።

"አጎቴ፣ ውሃው ሲሄድ እነሱ ለምን አብረው አልሄዱም?" አለኝ።

"ተኝተው ነበራ" ብዬ አለፍኩት። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፣ ምክንያቱም ኖርዌይም ስዊዘርላንድም አሜሪካም ያሉ የአሳ ተመራማሪዎች ከመብራት ማመንጫ ግድብ በታች ቆመው አመታት የፈጁባት ጥያቄ ልክ ይቺው ናት። እኛ ቦርከና ላይ ያየነው የመብራት ግድብ ሳይሆን የዝናብ ስራ ነው። ግድብ ባለበት ወንዝ ግን ያቺ ሳፋ የምታክል ኩሬ በክረምት አልፎ አልፎ ሳይሆን በየቀኑ ልትፈጠር ትችላለች።

ደግሞ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ ቡና ላይም ባጃጅ ውስጥም ወሬው ግድብ ሆኗልና አንድ ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ፦ "ግድብ እኮ ውሃ አይበላም፣ ተርባይኑን አዙሮ ያልፋል፣ ከታች ላለው ምን ይጎድልበታል?" የመጀመሪያው ግማሽ በአብዛኛው ልክ ነው፣ ከሀይቁ ላይ በፀሀይ የሚተነውን ትተን ማለቴ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ለአሳ ጉዳዩ ስንት ውሃ መጣ ብቻ አይደለም፣ መቼ መጣ፣ በተለይ ደግሞ በምን ፍጥነት ሄደ ነው።

ወንዙን ማነው ከፍ ዝቅ የሚያደርገው?

እኛ ነን። በቃ እውነቱ ይሄ ነው። መብራት እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይቀመጥም፣ ባትሪ ውስጥ የሚገባውን ጥቂቱን ትተን በየሰከንዱ የሚመነጨውና የሚበላው እኩል መሆን አለበት። ማታ 12 ሰዓት አልፎ ሁሉም ቤት አምፖል ሲያበራ፣ ቲቪ ሲከፈት፣ ወጥ ሲጣድ ፍላጎቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይተኛል። ስለዚህ የሆነ ማመንጫ ማታ ማታ ጨምሮ ሌሊት መቀነስ አለበት። ለዚህ ደግሞ እንደ ውሃ የሚመች የለም፣ ተርባይን ማለት በውሃ የሚሽከረከር ትልቅ ዘዋሪ ነው፣ የውሃ መግቢያውን ከፈት ስታደርጉለት በደቂቃዎች ውስጥ ጉልበት ይሰጣል፣ ዘጋ ስታደርጉት ያርፋል። ልክ እንደ ቧንቧ።

ምን ያህል ውሃ? እስቲ በምጣድ እንቁጠረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይበላል (ቤታችሁ ያለው ብሬከር ይመስክር፣ ምጣድና ምድጃ አንድ ላይ ሲሰካ የሚጥለው ለዚህ ነው)። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን 50 ማለት ነው። ይሄ 50 ጀሪካን ውሃ በየሰከንዱ ከ100 ሜትር ከፍታ ቢወርድ በመንገድ የሚባክነው ተቀናንሶ 900 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል፣ ማለት 250 ምጣድ። ስለዚህ አንድ ምጣድ ሲጣድ የሆነ ቦታ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ጀሪካን ውሃ ቁልቁል ይሄዳል፣ አንዲት እንጀራ በሶስት ደቂቃ ብትወጣ 36 ጀሪካን ማለት ነው። ውሃው አልጠፋም፣ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ነው። ከተማው በሙሉ አንዴ ሲጥድና አንዴ ሲያወርድ ግን ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ አብሮ ይተነፍሳል። ውድቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ለአንድ ምጣድ የሚያስፈልገው ውሃ ያንሳል፣ ዝቅ ባለ ቁጥር ይበዛል።

ይሄ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ሶስቴ የሚደረግ ከፍ ዝቅ በዘርፉ ሃይድሮፒኪንግ (hydropeaking) ይባላል፣ በኛ ቋንቋ "የፍላጎት ሞገድ" ብንለው ያስኬዳል።

ክረምትም ይሞላል ይጎድላል አይደል እንዴ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የእህቴ ልጅ አባትም ይሄንኑ ብሎ ነው የተከራከረኝ። "ቦርከና ሲመጣ አታውቀውም? ዶሮ መዝለያን አልፎ ሲመጣ ድልድይ ነው የሚነቀንቀው፣ አሳው ለምዶታል" አለ።

ለምዶታል፣ እውነት ነው። ግን ምኑን ነው የለመደው? ክረምት የሚመጣው በወራቱ ነው፣ ከሙላቱ በፊት ሰማዩ ይጠቁራል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ቅዝቃዜው ይቀየራል፣ ጠረኑም ይለወጣል። አሳ ይሄን ያነባል፣ እንደውም ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉበትን ጊዜ የሚያውቁት በዚህ ምልክት ነው። ከሙላቱ በኋላ ደግሞ እረፍት አለ፣ በጋ አለ። ከግድብ የሚለቀቀው ውሃ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በየካቲት ፀሀይ፣ ያለ ምንም ምልክት ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ውሃ ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ ይደገማል። በቀን ሁለቴ ቢሆን በአመት 730 ጊዜ። አንዱ ሙላት አስር ጫጩት ብቻ ጥሎ ቢሄድ "ኧረ ምንም አይደል" ይባላል፣ 730 ጊዜ ሲባዛ ግን ሌላ ነገር ነው።

ደሴ ሰኞ ገበያን የሚያውቅ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። መንገድ ዳር ሸራ ዘርግተው ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡት እናቶች መኪና እንደሚመጣ ያውቃሉ፣ ክላክስ ሲሰሙ ሸራቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ፣ ሲያልፍ ይዘረጋሉ። አሁን ክላክስ የሌለው መኪና በየሰዓቱ ቢመጣስ? እዛ ቦታ ገበያ የሚባል ነገር አይኖርም። ወንዝም ላይ የሚሆነው ይሄ ነው፣ ዳሩ ላይ አንዴ ውሃ አንዴ የብስ የሚሆን ሰፊ ቀበቶ ይፈጠራል፣ የየብስ እንስሳ አይኖርበትም፣ የውሃውም አይኖርበትም። ካርታ ላይ ወንዙ ሰፊ ነው፣ አሳው ሊኖርበት የሚችለው ግን ውሃው ሲበዛም ሲያንስም የሚመቸው ቦታ ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ አንዳንዴ ጠባብ ጥግ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ለምን አብረው አልሄዱም?

እዚህ ጋ ነው ልጁን የዋሸሁት። አልተኙም ነበር።

ትልቅ አሳ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል፣ ጥልቁ ጋ ነው የሚውለው፣ ውሃው ሲቀንስ ሸርተት ይላል። የሚቀሩት ጫጩቶቹ ናቸው። ጫጩት አሳ ወራጅ ውሃ አይችልም፣ ይወስደዋል፣ መሀል ወንዝ ላይ ደግሞ የሚበላው ትልቅ አሳ አለ። ስለዚህ ኑሮው ዳር ነው፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ፣ ረጋ ያለ፣ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ። ውሃው ሲጨምር ዳሩ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ጫጩቱም ዳሩን ተከትሎ ይወጣል፣ ትላንት ደረቅ የነበረው ጠጠር ላይ። ምግብም አለ እዛ፣ ይመቸዋል።

ከዛ ማመንጫው ይቀንሳል። ጫጩቱ የሆነ ነገር እንደተቀየረ ይሰማዋል፣ ግን ደመነፍሱ "ሩጥ" አይለውም፣ "ተደበቅ" ነው የሚለው። ድንጋይ ስር ይገባል። ለወትሮው ይሄ ብልህነት ነው፣ ከወፍም ከትልቅ አሳም ያድነዋል። ውሃው ሲሄድበት ግን የተደበቀበት ድንጋይ መቃብሩ ይሆናል። ወይ እዛው ይደርቃል፣ ወይ እንደኛዋ ሳፋ ያለ ኩሬ ውስጥ ይታጎራል፣ ኩሬው በፀሀይ ሲሞቅ ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል (ሞቃት ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው)፣ ለዛ ነው አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ያየናቸው፣ የውሃው ፊት ከአየሩ ጋር ስለሚነካካ ትንሽ የሚሻል ኦክስጅን ያለው እዛ ነው። ወፍ ካላገኛቸው ማለት ነው።

የዳሩ ቅርፅ ደግሞ ወሳኝ ነው፣ እኔ ራሴ ሂሳቡን ስሰራው ነው የገረመኝ። ገደላ ገደል የሆነ ዳር ላይ ውሃው ግማሽ ሜትር ቢወርድ የውሃው ጠርዝ የሚሸሸው አንድ ሜትር ምናምን ነው። የተዘረጋ፣ በመቶ ሜትር ሁለት ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ጠጠራማ ዳር ላይ ግን ያው ግማሽ ሜትር ሲወርድ ጠርዙ 25 ሜትር ይሸሻል። ይሄ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢሆን ሶስት ሳንቲሜትር የምትሆን ፍጥረት 25 ሜትር በድንጋይ መሀል መሮጥ አለባት፣ መሮጥ እንዳለባትም ማወቅ አለባት። ችግሩ ጫጩቶች የሚመርጡት ደግሞ ልክ ይሄን የተዘረጋውን ዳር መሆኑ ነው።

ኖርዌይ ውስጥ መብራቱ ከሞላ ጎደል በውሃ ስለሆነ ይሄን በደንብ ለክተውታል። ሳልሞንና ትራውት በሚባሉት የቀዝቃዛ ውሃ አሳዎች ጫጩቶች ላይ ሲሞክሩት የውሃው ከፍታ በሰዓት 10 ሳንቲሜትር አካባቢ ወይም ከዛ በታች ሆኖ ቀስ ብሎ ሲወርድ የሚቀሩት በጣም ያንሳሉ፣ በፍጥነት ሲወርድ ይበዛሉ። ሌላም አገኙ፦ በብርድ ወቅት ጫጩቶቹ ቀን ቀን ጠጠር ውስጥ ተሸጉጠው ስለሚውሉ በቀን ከሚቀነስ ከመሸ በኋላ ቢቀነስ ብዙ ይድናል። እንግዲህ ቁጥሩ የነሱ አሳ ቁጥር ነው፣ ቆሮሶና አምባዛ ላይ እንዳለ አይገለበጥም። ሀሳቡ ግን ያው ነው፣ ጉዳቱ ያለው ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ላይ፣ ከመውረዱም ፍጥነቱ ላይ ነው።

እንቁላሉስ?

ጫጩት ቢያንስ ክንፍ አለው፣ እንቁላል ግን የተጣለበት ነው የሚቀረው። እዚህ ላይ አሳ ሁሉ አንድ አይነት አይደለም፣ የኛዎቹን ብቻ እንኳን ብናይ ይለያያሉ።

ቆሮሶን ታውቁታላችሁ፣ ሀይቅ ከተማ ሄዳችሁ ጎረድ ተደርጎ ተጠብሶ የሚመጣላችሁ ነው። ወንዱ ጥልቀት የሌለው አሸዋ ላይ ሳህን የመሰለ ጉድጓድ ይቆፍርና ሴቷን ይጠራል፣ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች፣ እስኪፈለፈልም አፏ ውስጥ ይዛው ትዞራለች። ስለዚህ ውሃው ቢሸሽ እንቁላሉን ይዛ ትሄዳለች፣ ከጎጆው ግን ይፈናቀላሉ፣ ጫጩቶቹንም የምትለቀው ያው ዳር ላይ ነው። አምባዛ ሌላ ነው፣ ዝናብ ሲጥል በሌሊት አዲስ ውሃ የወጣበት ሳር ላይ ነው እንቁላሉን የሚለጥፈው፣ በሙቅ ውሃ አንድ ቀን ከምናምን ይበቃዋል ለመፈልፈል። ራሱ አምባዛው አየር መተንፈስ ስለሚችል ጭቃ ውስጥ ቢቀርም ይቆያል፣ እንቁላሉ ግን ሳሩ ላይ ተለጥፎ ፀሀይ ካገኘው አለቀለት።

በጣም የሚያሳስበው ባርበስ የሚባለው የአሳ ወገን ነው። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ በአለም ሌላ ቦታ የሌሉ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፣ ከነሱ ገሚሶቹ ክረምት ላይ ከሀይቁ ወጥተው እንደ ጉማራና ርብ ያሉ ወንዞችን ሽቅብ ይወጣሉ፣ ጥርት ያለ ውሃ የሚፈስበት ጠጠር ፈልገው እንቁላላቸውን ጠጠሩ መሀል ይጥላሉ። እንዲህ አይነት አሳ ሶስት ነገር ይፈልጋል፦ የሚያወጣው ውሃ፣ ንፁህ ጠጠር፣ እንቁላሉ እስኪፈለፈል የማይሸሽ ወራጅ ውሃ። ከሶስቱ አንዱ ሲጎድል የዛን አመት ልጅ የለም። ሞልቶ ሳለ ከፍ ያለ ጠጠር ላይ ጥሎ፣ ሲጎድል እንቁላሉ ደረቅ ላይ ሲቀር ማንም አያየውም፣ የሞተ አሳ አይንሳፈፍም፣ ሽታም የለም። ከሶስት አራት አመት በኋላ መረብ ባዶ ሲወጣ ነው የሚታወቀው፣ ያኔ ደግሞ "አሳ አስጋሪው ጨርሶት ነው" ይባላል።

አሳው የሚበላውስ?

ይሄ ክፍል ለኔ ከሁሉም ይገርማል። አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ወንዝ ላይ ግሌን ካንየን የሚባል ትልቅ ግድብ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው ውሃ መያዝ የጀመረው። ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ በነፍሳት በጣም ድሀ ነው፣ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ፈልገው ፈልገው የደረሱበት ነገር እንቁላል ነው፣ የአሳ ሳይሆን የነፍሳት። እጫቸው ውሃ ውስጥ አድጎ የአሳ ምግብ የሚሆኑ ብዙ ነፍሳት እንቁላላቸውን ልክ የውሃው ጠርዝ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ነው የሚለጥፉት። ውሃው በዝቶ ሳለ የተለጠፈው፣ ውሃው ሲቀንስ አየር ላይ ይቀርና በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል።

መፍትሄው ደስ ይላል። ቅዳሜና እሁድ የመብራት ፍላጎት ቀነስ ይላል፣ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2018 ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት የፈረንጅ ወራት ቅዳሜና እሁድ ውሃውን ዝቅ አድርገው ሳያነቃንቁ አቆዩት። ነፍሳቱ ዝቅ ያለው ጠርዝ ላይ ጣሉ፣ ሰኞ ውሃው ሲጨምር እንቁላሉ ውሃ ስር ገባ እንጂ አልደረቀም። ሙከራውን በኋላም ደግመውታል። ለትንኝ መሰል ነፍሳት ሰንበት ተሰጠ ማለት ነው።

ቅዝቃዜውን ሳልረሳው፦ ከትልቅ ግድብ ስር የሚወጣ ውሃ ከሀይቁ ጥልቅ ከሆነ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ደሴ በሀምሌ ሻወር ስር ቆማችሁ መብራት ሲሄድባችሁ የሚሰማችሁን አስቡት፣ እሱ ነው አሳዎቹ ላይ በየማታው የሚደርሰው።

መብራት ሲጠፋ ወንዙ ምን ይሆናል?

ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። መስመር ላይ ችግር ተፈጥሮ ማመንጫው በድንገት ከመስመር ሲወጣ ተርባይኑ ሸክም ስለማይኖረው እንዳይፈተለክ የውሃ መግቢያው ወዲያው ይዘጋል። ግድቡ ላይ ሌላ መውጫ ካልተከፈተ ከታች ያለው ወንዝም አብሮ ይቆማል፣ ቀስ ተብሎ የሚወርድበት ፕላን እዛ ላይ አይሰራም። እኛ ሻማ ስንፈልግ አሳው ውሃ ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆን መሳሪያ አለ፣ ተርባይኑ ሲቆም ውሃውን በጎን የሚያሳልፍ ቫልቭ፣ አንዳንድ አገር እንደውም ግዴታ ይሆናል። ደግሞ የተገላቢጦሹም አደጋ ነው፣ መብራቱ ተመልሶ ውሃው በአንዴ ሲለቀቅ ወንዝ መሀል ልብስ የሚያጥብ፣ ከብት የሚያሻግር ሰው አለ። ሳይረን የሚገጠመው ለዚህ ነው።

የኛ ግድቦችስ?

ሁሉም ግድብ እንዲህ ያደርጋል ማለት ስህተት ነው። ሀያ አራት ሰዓት በአንድ ልክ የሚያመነጭ ግድብ የቀን ሞገድ አይፈጥርም፣ የሱ ችግር ሌላ ነው፣ የክረምቱን ሙላት ከበጋው ጋር ያስተካክለዋል፣ ሙላት የሚጠብቅ አሳም ገበሬም ይቸገራል። እኛ አገር ግን ከመቶ ዘጠናው በላይ የሚሆነው መብራት ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ማታ ማታ ከፍ የሚለውን ፍላጎት የሚሸከመው ያው ከውሃ ማመንጫዎቹ አንዱ ወይ ሌላው መሆኑ ግድ ነው። ነፋስና ፀሀይ ሲጨመሩ ደግሞ፣ አዳማና አሸጎዳ ላይ እንዳሉት የነፋስ ማመንጫዎች ማለት ነው፣ ነፋሱ ሲቆም የሚሞላው ውሃው ነው፣ ጉዳዩ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

አንድ ነገር ብቻ ካርታ ላይ ማየት ጥሩ ነው፦ ከግድቡ በታች ምን አለ? ቆቃ የሚለቀው ውሃ ወርዶ አዋሽ ሁለትንና አዋሽ ሶስትን ያዞራል፣ ተደራርበው ነው ያሉት። ከህዳሴ የሚወጣው ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ ሮሴረስ ግድብ ሀይቅ ውስጥ ይገባል። ታች ሌላ ሀይቅ ሲኖር የቀኑ ከፍ ዝቅ እዛ ይዋጣል፣ እንደ በርሜል ነው፣ ከላይ በባልዲ እየደፋችሁ ከታች በቧንቧ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሞገዱ የሚጎዳው እንግዲህ በግድቡና በሚቀጥለው ሀይቅ መሀል ያለውን ወንዝ ነው። ያ ርቀት አጭር ከሆነ ጉዳቱም አጭር ነው፣ ረጅም ከሆነና የአሳ መራቢያ ጠጠር ካለበት ነው ወሬው የሚከብደው። ጊቤ ሁለት ደግሞ ለየት ይላል፣ ከጊቤ አንድ የወጣውን ውሃ በ26 ኪሎሜትር ዋሻ ወስዶ ኦሞ ላይ ነው የሚለቀው፣ እዛ ላይ ጥያቄው ሞገዱ ብቻ ሳይሆን በዋሻው የታለፈው ወንዝ ምን ቀረለት የሚለውም ነው።

መፍትሄ አለው ወይስ መብራት ወይ አሳ ነው?

ምርጫው እንደሱ ጥቁርና ነጭ አይደለም። ቀላሉ መንገድ ቀስ ብሎ መዝጋት ነው፣ ብዙ ተርባይን ያለው ማመንጫ ሁሉንም በአንዴ ከማቆም አንድ በአንድ ማቆም ይችላል። ሁለተኛው ከዚህ በታች አይወርድም የሚባል ዝቅተኛ ውሃ መወሰን ነው። ሶስተኛው ያልኳችሁን በርሜል ሆን ብሎ መስራት፣ ከማመንጫው ስር ትንሽ ማረጋጊያ ኩሬ፣ ይሄ ይሰራል ግን ቦታም ብርም ይፈልጋል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በህግ አስገብታ ማመንጫዎቿ እስከ 2030 እንዲያስተካክሉ ቀን ቆርጣለች፣ ወጪውን ደግሞ ማመንጫው ብቻውን አይሸከምም፣ ከእያንዳንዱ መብራት ተጠቃሚ ላይ በኪሎዋት ሰዓት ከምትቆረጥ ትንሽ ክፍያ ነው የሚሸፈነው። ቆጣሪያቸው ላይ የአሳ ድርሻ አለ ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ሳነብ ሳቅም ቅናትም መጣብኝ።

ብልጠት ያለው ግን የኮሎምቢያ ወንዝ ሰዎች ስራ ነው፣ አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ። ፕሪስት ራፒድስ ከሚባል ግድብ በታች ቺኑክ የሚባለው ትልቅ ሳልሞን በመፀው መጥቶ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላል። ሰዎቹ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ይሄ አሳ በብዛት የሚጥለው ቀን ቀን ነው። ስለዚህ በመጣያው ወራት የተለመደውን ገለበጡት፣ ቀን ላይ ውሃውን ዝቅ አድርገው ሌሊት ይለቃሉ። አሳው ቀን ዝቅ ያለው ጠጠር ላይ ይጥላል፣ ከፍ ያለው ደረቅ ስለሆነ አያየውም። ከዛ በኋላ እስከ ፀደይ ድረስ ውሃው ከዛ ጠጠር በታች እንዳይወርድ ይጠብቃሉ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ደግሞ ለመጠበቅ ብዙ ውሃ አይፈልግም። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈረመ፣ በ2004 ደግሞ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ዳር ላይ እንዳይቀሩ የቀኑን ከፍ ዝቅ የሚገድብ ተጨመረበት። ማመንጫው እስከዛሬ መብራት ይሸጣል።

ይሄን ለማድረግ ግን መጀመሪያ አሳው የት ጠጠር ላይ፣ በስንት ወር፣ በቀን ነው በሌሊት የሚጥለው የሚለውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ይሄን የሚያውቀው ወንዙ ዳር ያደገ አስጋሪ ነው፣ ማንም ሄዶ አይጠይቀውም እንጂ።

ታዲያ ምጣዴን ላውርድ?

አንዲት እንጀራ የሚጋግሩ እትዬ ይሄን ሁሉ ስነግራቸው የጠየቁኝ ይሄንኑ ነው፣ ማሰሻውን ይዘው። "እና በኔ ምጣድ አሳ እየሞተ ነው በለኛ!"

አብሽሩ እትዬ፣ አይደለም አልኳቸው። የአንድ ቤት ምጣድ ወንዝ አያንቀሳቅስም፣ ሞገዱ የሚመጣው ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲሆን ነው፣ እሳቸው ደግሞ የሚጋግሩት ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ገና ሰው ሳይነሳ። በውሃውም በመስመሩም በኩል ከታየ ከሁላችንም የተሻለ ሰዓት የሚጋግሩት እሳቸው ናቸው። ምክንያታቸው አሳ አይደለም፣ ቀን ላይ መብራቱ ስለማይታመን ነው።

የሳፋዋን ኩሬ አሳዎች በጆግ እየቀዳን ወንዙ ውስጥ መለስናቸው፣ ልጁ ነው የቆጠረው፣ አስራ ሰባት። ሁለቱ አልተንቀሳቀሱም።